ሆርሞን ሲጎድል ተቀባዩን የሚያበዛ የካንሰር ሕዋስ

የፕሮስቴት ዕጢ ከወንዶች ፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከብቦ ይገኛል። ዕድገቱን የሚመራው በአብዛኛው ከዘር ፍሬ የሚመነጨው ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን ነው። ሐኪሙ ቻርልስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 ይህ ሆርሞን ሲቀነስ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ አሳዩ፤ በ1966ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የተሰራጨው በሽታ ሕክምና ዛሬም በዚሁ መሠረት ላይ ቆሟል። ነገር ግን ብዙ ሕሙማን ከተሻላቸው በኋላ በሽታው ይመለስባቸዋል፤ ሕሙማንን የሚጎበኙ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላትም «ለምን?» ተብለው ይጠየቃሉ።

ሆርሞን ብቻውን ሥራ አይሠራም። በሕዋሱ ውስጥ «ተቀባይ» የተባለ ፕሮቲን ይጠብቀዋል። ተቀባዩ ሆርሞኑን ሲይዝ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባል፤ በዲኤንኤ ላይም ተጣብቆ ልዩ ልዩ ጂኖችን ያንቀሳቅሳል። በደም ምርመራ የሚለካው ፒኤስኤ የአንደኛው ጂን ውጤት ነው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ፒኤስኤው ዳግም ሲጨምር ተቀባዩ ወደ ሥራው መመለሱን ሐኪሙ ይጠረጥራል። (ይህን የወንድ ሆርሞን ተቀባይ የሚያሠራውን ጂን ወንድ ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።)

የችግሩ ሥር ያለው በዚሁ ጂን አገዛዝ ላይ ነው። ሆርሞን በበቂ ሲገኝ ተቀባዩ የራሱን ጂን ይገታል። ሆርሞኑ ሲቀንስ ልጓሙ ይላላና ሕዋሱ ተቀባይን አብዝቶ ይሠራል፤ የደወል ድምፅ ሲደክም ሰው ጆሮውን አቅንቶ እንደሚያዳምጥ፣ በጥቂት ሆርሞንም መነቃቃት ይጀምራል። በአንዳንድ ዕጢዎች የጂኑ ቅጂ ይበዛል። በሌሎች ደግሞ ጂኑ ተለውጦ፣ ተቀባዩን ሊገታ የታዘዘው መድኃኒት ራሱ ያነሣሣዋል። ኤአር-ቪ7 የተባለው አጭር ተቀባይ ግን ሆርሞን የሚይዝበት ክፍል ስለሌለው ያለ ሆርሞን ይሠራል፤ ስለዚህም አቢራተሮንና ኤንዛሉታማይድ የተባሉትን አዳዲስ መድኃኒቶች ሊቋቋም ይችላል።

እንግዲህ የበሽታው መመለስ የሕመምተኛው ጥፋት ማስረጃ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚወቅስ ጎብኚ ቢቀር ይሻላል። ሕክምናው ትኩሳት መሰል ሙቀት፣ ድካም፣ የአጥንት መሳሳትና የወንድነት ፍላጎት መቀነስ ያስከትላል። አንዳንድ አባቶች ይህን በኀፍረት ሊደብቁ ስለሚችሉ፣ ለብቻቸው መጠየቅ ይገባል። አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት ካለመቆጣጠር ጋር ከታየ፣ ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰርን ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ።