የሚሠሩበት ሕንፃ የእሳት ማንቂያ የቱ ነው?

በአዲስ አበባ ፎቆች ውስጥ በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በእንግዳ ተቀባይነት ወይም በጥገና የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ከእሳት ማንቂያ ሥር ሲመላለስ ይውላል። ኮርኒሱ ላይ ያለውን ነጭ ክብ ነገር ያየዋል፤ ደረጃው አጠገብ ያለውን ቀይ ሳጥንም ያየዋል። የቱ ምን እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ የነገረው ሰው የለም። ሥልጠና ቢሰጥም ስለ እሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ደግሞ የሚጠቅመው እሳት መነሳቱን በጊዜ ለሰማ ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ሕንፃ ላይ ሥራ ለሚጀምር ሁሉ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጊዜ ወስደው ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ማንቂያውን እየዞሩ ይዩት። ማንቂያው ምን ዓይነት እንደሆነና ዛሬ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ለመለየት ኤሌክትሪሺያን መሆን አያስፈልግም።

ከመቆጣጠሪያው ሳጥን፣ ከፓኔሉ ይጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዋናው መግቢያ አጠገብ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ወይም ጥበቃ ክፍል ውስጥ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሲደርሱ ቀድመው የሚፈልጉት እሱን ነው። ፊቱ ላይ ሦስት ዓይነት መብራት አለ። አረንጓዴው ኃይል እንዳለው ያሳያል፤ ቀዩ እሳት ነው። ቢጫው ደግሞ አንድ ቦታ ብልሽት አለ፣ ወይም አንዱ ክፍል ሆን ተብሎ ተዘግቷል ማለት ነው። ጤነኛ ፓኔል ላይ የሚበራው አረንጓዴው ብቻ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ቢጫው ነው። ፓኔሉ ብልሽት ሲያገኝ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮሃል። ድምፁ ሌሊት ስለሚረብሽ ተረኛው አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ዝም ያሰኘዋል፤ መብራቱ ግን እንደበራ ይቀራል። ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር አዲሱ ተረኛ ቢጫውን እንዳለ ይረከባል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዚያ ፓኔል የዘወትር መልኩ ቢጫ ይሆናል፤ የሚጠይቅም አይኖርም። ከዚያ ቢጫ በስተጀርባ ያለው ግን የተቆረጠ ሽቦ፣ ለቀለም ቅብ ከኮርኒሱ ተነቅሎ ያልተመለሰ የጭስ ጠቋሚ ወይም የሞተ ባትሪ ሊሆን ይችላል። አንድ ፎቅ ሙሉ ያለ ጠባቂ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ካዩ ማያው ላይ የተጻፈውን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለሕንፃው አስተዳደር ይላኩ፤ የላኩበትን ቀንም በመዝገብ ያስፍሩ።

ባትሪውን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ማንቂያው የሚኖረው በእሱ ነውና። በብዙ ፓኔሎች ውስጥ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። የብሪታንያው መመሪያ ቢ.ኤስ. 5839 እንደ ደንቡ የሚጠይቀው መብራት ከጠፋ በኋላ 24 ሰዓት ነቅቶ እንዲጠብቅና ከዚያም ላይ ለ30 ደቂቃ መጮህ እንዲችል ነው። የአሜሪካው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 72 ደግሞ ለተራ ደወል 24 ሰዓትና 5 ደቂቃ ይላል። እነዚህ ባትሪዎች ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ይደክማሉ። የተገጠሙበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ላይ ይጻፋል፤ ጥገና ሠራተኛው ሳጥኑን ሲከፍት አጠገቡ ቆመው ቀኑን ይጠይቁት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ ፓኔሉ ጭልም ካለ ባትሪው አልቋል።

ፓኔሎች በዓይነታቸው ሁለት ናቸው። ልዩነቱን ማወቅ በአደጋ ጊዜ ደቂቃዎችን ያተርፋል። አንደኛው ሕንፃውን በክልል የሚከፍል ነው፤ ሳጥኑ ላይ ከ1 ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። 4 ቁጥር ሲበራ እሳቱ አራተኛው ክልል ውስጥ መሆኑን እንጂ የትኛው ክፍል እንደሆነ አይነግርዎትም። ሁለተኛው የጽሑፍ ማያ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ ጠቋሚ የራሱ አድራሻ ስላለው «3ኛ ፎቅ፣ የዕቃ መጋዘን» ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ አጠገቡ የክልሎቹ ካርታ መለጠፍ አለበት። ካርታው ከሌለ፣ ወይም ሕንፃው ታድሶ ካርታው የድሮው ከሆነ፣ 4 ቁጥር ማለት የት እንደሆነ የሚያውቀው የገጠመው ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከገጠመዎት ካርታው እስኪሠራ ድረስ ቁጥሮቹን ከቦታዎቹ ጋር በወረቀት ጽፈው ይለጥፉ።

ቀዩ ሲበራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁልፎቹ ላይ ነው። ድምፅ ማጥፊያውና ወደ ነበረበት መመለሻው፣ ሪሴት የሚሉት፣ ጎን ለጎን ስለሆኑ ደንገጥ ያለ ሰው ሪሴቱን ይጫናል። ፓኔሉ ይጸዳል፤ የቱ ክልል እንደጮኸ የሚያሳየው መብራትም አብሮ ይጠፋል። ኮርኒሱ ላይም ጭሱን ያየው ጠቋሚ ቀይ ነጥቡ በርቶ ይቆይ ነበር፤ እሱም ይጠፋል። በኋላ የሚመጣው ሰው የት እንደሚፈልግ አያውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ ክልሉን ማንበብና መጻፍ፣ ቀጥሎ ሰው ልኮ ማየት ነው። ሰዉ እየወጣ እያለ ድምፁን መቁረጥም አይገባም። ሪሴት የሚደረገው ምክንያቱ በዓይን ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኮርኒሱ ቀና ይበሉ። እዚያ ላይ ያለው ክብ ነገር ሁሉ የጭስ ጠቋሚ አይደለም። የዋይፋይ ማሠራጫም ነጭ ክብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰፋና ዝርግ ያለ ሲሆን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መብራቱ ሳይቋረጥ ይበራል። ጥቁር ጉልላት ያለው ካሜራ ነው። የጭስ ጠቋሚን የሚለየው ዙሪያውን ያለው ክፍተት ነው፤ ጭሱ የሚገባው በዚያ ነው፤ በውስጥም ነፍሳት የሚከለክል ወንፊት አለው። የሙቀት ጠቋሚው በመልኩ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መካከሉ ላይ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ነገር ወጣ ብሎ ይታያል። እሱ ጭስ አይገደውም፤ ሙቀቱ ወደ 57 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ በጣም ሲጨምር ነው የሚጮኸው። ስለዚህ ለኩሽናና ለመኪና ማቆሚያ ይስማማል። መኝታ ክፍል ውስጥ ግን የጭስ ጠቋሚን አይተካም፤ የተኛን ሰው ከነበልባሉ ቀድሞ የሚደርሰው ጭሱ ነውና።

ከኮርኒሱ ወጣ ብላ ባለቀለም ፈሳሽ የያዘች ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ካዩ የውሃ መርጫው፣ ስፕሪንክለሩ ናት። ቀይዋ በ68 ዲግሪ፣ አረንጓዴዋ በ93 ዲግሪ ትፈነዳለች። ልብስ ወይም ጌጥ አይሰቀልባትም፤ መሰላል ሲንቀሳቀስም እንዳይነካት ጥንቃቄ ይደረግ። ትልልቅ አዳራሽና መጋዘን ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተገጠመ ሳጥን ከወዲያ ማዶ ወዳለው ጓደኛው ወይም መስታወት መሳይ አንጸባራቂ ሲያይ ያገኙታል። በመካከላቸው የማይታይ ጨረር አለ፤ ጭስ ሲጋርደው ማንቂያው ይነሳል። ለበዓል የተሰቀለ ባነር ወይም ፊኛም ይጋርደዋል። አዳራሽ የሚያስጌጡ ሰዎች ሲመጡ ይህን የሚነግራቸው እርስዎ ነዎት።

በሱቅና በትንሽ ቢሮ የሚገኝ ሌላ ዓይነትም አለ፤ በራሱ ባትሪ ብቻውን የሚጮህ፣ ለመኖሪያ ቤት የተሠራ። ፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ከፓኔሉ ጋር ስላልተያያዘ ሱቁ ተዘግቶ ሌሊት ቢጮህ ታች ያለው ጥበቃ አይሰማውም። ባለሱቁ «ጠቋሚ አለኝ» ሲል የቱ እንደሆነ ይዩለት።

አራት ነገር ደግሞ ዓይንዎ ይፈልግ። አዲስ ጠቋሚ ከፋብሪካ ሲመጣ አቧራ የሚከላከል ባለቀለም የፕላስቲክ ክዳን ይደፋበታል፤ ግንባታው ሲያልቅ መነሳት ሲገባው ተረስቶ የቀረ አጋጥሞኛል። ክዳኑ ያለበት ጠቋሚ ዕውር ነው። ቀለም የተቀባም እንዲሁ ነው፤ መቀየር እንጂ መፋቅ አይጠግነውም። ሦስተኛው፣ አንድ ሰፊ ክፍል እስከ ኮርኒስ በሚደርስ ክፍልፋይ ለሁለት ሱቅ ሲከፈል ጠቋሚው በአንዱ በኩል ብቻ ይቀራል፤ የገበያ ማዕከላት ውስጥ ይህ የዘወትር ነገር ነው። አራተኛው የዕቃ ክምር ነው፤ በጠቋሚው ሥርና ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት።

ቡና የሚፈላበት ቦታ ያለው ችግር ሌላ ነው። በሆቴል መግቢያ ወይም በካፌ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ የጭስ ጠቋሚውም ሥራው ጭስ ማየት ነውና ይጮሃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አንድ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ በፌስታል ይጠቀልለዋል። ይህን የሚያደርገውን ሠራተኛ አልወቅስም፤ እንግዳ ፊት ማንቂያ ሲጮህበት ምን ያድርግ። መፍትሔው ግን ፌስታል አይደለም። ቡናው ጭስ ወደሚወጣበት መስኮት ይጠጋ፤ ወይም አስተዳደሩ ባለሙያ ጠርቶ ጠቋሚውን ያዛውር፣ ወይም ለቦታው በሚስማማ ሌላ ዓይነት ያስለውጥ። ለአንድ ዝግጅት ብቻ ከሆነ ያ ክልል ከፓኔሉ ላይ ለሰዓታት ሊዘጋ ይችላል፤ የዘጋው ሰው ስሙንና ሰዓቱን ጽፎ፣ ቦታውን በዓይኑ የሚጠብቅ ሰው መድቦ፣ ሲያልቅም ራሱ ይከፍታል። የጋዝ ምድጃ ያለበት ኩሽና ውስጥ የጋዝ ጠቋሚ ካለ የተገጠመበትን ከፍታ ይዩ። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ጠቋሚውም ታች ወለሉ አጠገብ እንጂ ኮርኒስ ላይ አይሆንም።

ግድግዳ ላይ ያሉትን ሳጥኖች በቀለማቸው ይለዩ። ቀዩ የእሳት ማንቂያ ነው፤ ብዙ ሰው ብሬክ ግላስ ይለዋል። በደንቡ በተሠራ ሕንፃ ከመውጫ በርና ከደረጃ አጠገብ አያጡትም። ዛሬ መስታወቱ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ አይሰበርም፤ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መግፋት ነው። አረንጓዴው ግን በኤሌክትሪክ የተቆለፈን በር የሚከፍት ነው። እሱን የተጫነ ሰው በሩን ከፍቶ ይወጣል፤ ማንቂያው ግን ላይጮህ ይችላል፤ ላይ ያሉት ሰዎች ምንም ሳይሰሙ ይቀራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር ክፍል ወይም ጄኔሬተር ክፍል በር ላይ የሚገኘው ቢጫው ደግሞ እሳት የሚያጠፋ ጋዝ ይለቃል። ክፍሉ ውስጥ ሰው አለመኖሩን ሳያረጋግጡ አይነካም። ለጽዳት ሠራተኞች ይህ የሦስት ቀለም ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ሊነገራቸው ይገባል እላለሁ።

በአሜሪካ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ ወገኖቻችን የሚያገኙት ሌላ ነው። እዚያ ቀዩ ሳጥን እጀታ አለው፤ ወደ ታች ይሳባል። አንዳንዱ አስቀድሞ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ይፈልጋል። ላዩ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ካለ፣ ክዳኑ ሲነሳ የሚሰማው ጩኸት በከንቱ የሚነካካን ሰው ለማስፈራራት የተሠራ የክዳኑ የራሱ ድምፅ ነው፤ የሕንፃው ማንቂያ የሚነሳው እጀታው ሲሳብ ነው። የመውጫው ድምፅም ሥርዓት አለው፤ ሦስት አጫጭር ጩኸት፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና ሦስት። አራት አራት እያለ የሚጮኸው የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ያኔ ጭስ ባይታይም ወጥቶ ንጹሕ አየር ላይ መቆም ነው። በብሪታንያ አሠራር ደግሞ ትልልቅ ሕንፃ ውስጥ የሚቆራረጥ ድምፅ «ተዘጋጁ»፣ የማያቋርጠው «ውጡ» ሊሆን ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁለቱም ዓይነት ስለሚገኝ የእርስዎ ሕንፃ የቱን እንደሚከተል የሥራ ኃላፊዎን ይጠይቁ።

ማንቂያው መሥራቱ የሚታወቀው ሲሞከር ነው። የብሪታንያው መመሪያ በየሳምንቱ አንድ ቀይ ሳጥን፣ በየጊዜው የተለየው፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት እንዲሞከር ይላል። ለዚህ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለች፤ ፓኔሉ አጠገብ ተንጠልጥላ ካላገኟት የት እንዳለች ይጠይቁ። ሲሞከር አንድ ሰው ፓኔሉ ጋ፣ ሌላው ከሁሉ በራቀው ክፍል በሩን ዘግቶ ይቁም። ደወሉ እዚያ ካልተሰማ ማስታወሻ ይያዝ። በማግኔት ተከፍተው የሚቆሙ የኮሪደር በሮች ካሉ በዚያው ሰዓት ራሳቸው መዘጋት አለባቸው፤ በወንበር ወይም በድንጋይ የተደገፈ በር ጭሱን ወደ ደረጃው ያሳልፋል።

በመጨረሻ ማን እንደሚደውል ይወሰን። ማንቂያው ከእሳት አደጋ ኮሚሽን ጋር በቀጥታ መገናኘቱን ካላረጋገጡ በቀር፣ ደወሉ የሚጮኸው ሕንፃው ውስጥ ላሉት ብቻ ነው ብለው ይያዙ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። የሕንፃው ስም፣ ክፍለ ከተማውና ወረዳው፣ አቅራቢያ ያለ የታወቀ ቦታ፣ ለከባድ መኪና የሚመቸው መግቢያ በየትኛው መንገድ እንደሆነ በአማርኛ በትልልቁ ተጽፎ ፓኔሉ ጎን ይለጠፍ። የሚደውለው ሰው በዚያ ሰዓት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከወረቀቱ ላይ ያነባል፣ የሚጨምረው ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚቃጠልና ውስጥ ሰው መቅረቱን ብቻ ነው። ሌላው ተረኛ በሩን ከፍቶ፣ መግቢያው ላይ የቆመ መኪና ካለ አስነስቶ፣ መንገዱ ዳር ወጥቶ ይቀበላቸው።