ልጄ ትምህርት ቤት ጠላብኝ

ጥያቄ፦ ሪያድ፣ ሱለይ ነው የምንኖረው። የ7 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዴን እያለ ያለቅሳል። የግዴታ ትምህርት ልጅን ያደነዝዛል ሲሉ ሰማሁ። ቤት ላስቀረው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወቀሳው መሠረት አለው። ፈላስፋው ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ትምህርት ቤት እውቀትን ከምስክር ወረቀት ጋር አምታቷል ብሎ ሞግቷል። ትንሽ ልጅን ለሰዓታት ወንበር ላይ አስሮ ማዋል እኔንም ይከፋኛል። ኢሊች የፈለገው ግን ልጅ ከባለሙያና ከጎረቤት እንዲማር እንጂ በር ተዘግቶበት እንዲውል አይደለም። መጋዘንና የጭነት መኪና በሚበዛበት ሱለይ፣ እርስዎ ሥራ የሚውሉ ከሆነ ልጁ ከስልክ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሳዑዲም ከ6 እስከ 15 ዓመት ትምህርትን ግዴታ አድርጋለች።

ሕመሙ ትምህርት በሌለባቸው አርብና ቅዳሜ ይጠፋል? እንዲያ ከሆነ የሚያስፈራው ሰው እንዳለ፣ ወይም ቋንቋው ከብዶት እንደሆነ ቀስ ብለው ይጠይቁት፤ መምህሩንም ያነጋግሩ። በእረፍት ቀንም ካመመው ሐኪም ይየው። ከትምህርት ሲመለስ ጥናት አይጫኑበት፤ ይጫወት።