መገጣጠሚያ በማሕፀን ውስጥ እንዴት ይፈጠራል?

ጥያቄ፦ የራስ ቅልና የጉልበት መገጣጠሚያዎች አፈጣጠራቸው አንድ ዓይነት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። የራስ ቅል አጥንቶች በጠንካራ ጭረታማ ሕብረ ሕዋስ ስለሚያያዙ እምብዛም አይንቀሳቀሱም፤ በሕፃናት አናት ላይ የሚዳሰሰው እርግብግቢትም ይኸው ማያያዣ ገና ወደ አጥንት ያልተለወጠበት ስፍራ ነው። ጉልበትን የመሰሉ፣ በፈሳሽ የሚለሰልሱ መገጣጠሚያዎች ግን፣ በ6ኛው የጽንስ ሳምንት ገደማ፣ ወደፊት አጥንት በሚሆኑት የካርቲሌጅ (ከአጥንት የለሰለሰ፣ ተጣጣፊ ሕብረ ሕዋስ) ቅርጾች መካከል ሕዋሳት ተጠጋግተው ቀጭን ንጣፍ በመሥራት ይጀምራሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም ንጣፉ መሐል ለመሐል ተለያይቶ ፈሳሽ የሚይዝ ክፍተት ይሆናል። እጅግ የሚያስደንቀው የእንቅስቃሴ ድርሻ ነው፦ ጡንቻቸው እንዲሽመደመድ በተደረገ የጫጩት ሽሎች ላይ ይህ ክፍተት በወጉ አልተፈጠረም። በማሕፀን ውስጥ እንቅስቃሴያቸው የተገደበ ሕፃናትም መገጣጠሚያቸው ተኮማትሮ ሊወለዱ ስለሚችሉ፣ የማፍታታት ሕክምና ሳይዘገይ ሊጀመርላቸው ይገባል።