ቡና ክብደት ይቀንሳል? ወይስ ሌላ ነገር አለ?



ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከአካባቢው በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ "ዶክተር፣ ቡና ስብ ያቃጥላል ሲሉ ሰምቼ ቁርስ ትቼ ቡና ብቻ እጠጣለሁ፤ ያዋጣል?" በቡና አገር የሚኖር ሰው ይህን ቢጠይቅ አይገርምም። እስቲ በቁጥር እንየው።

ጋደም ብለንም ካሎሪ እናቃጥላለን

ምንም ሳንሠራ ብንተኛ እንኳ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ አንጎልና ጉበት ሥራ ላይ ናቸው። ለዚህ የሚወጣው ጉልበት የዕረፍት ሜታቦሊዝም ይባላል። አብዛኛው ሰው በቀን ከሚያቃጥለው ካሎሪ ከ60 እስከ 70 በመቶው ለዚሁ ይውላል።

ቡና ምን ያህል ይጨምራል?

ካፌይን ነርቭን ስለሚያነቃቃ ይህን ወጪ በእርግጥ ከፍ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት 100 ሚሊግራም ካፌይን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከ3 እስከ 4 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ብዙ ይመስላል አይደል? ተኝቶ በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚያቃጥል ሰው ሲሰላ ግን ጭማሪው ወደ 6 ካሎሪ ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 16 ካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ ስኳር ካደረጋችሁበት ያቃጠላችሁትን ከነትርፉ መለሳችሁት ማለት ነው። ቁርስ መተውም ያው ረሃቡን ለምሳ ማቆየት ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው

ቡና ብቻውን ሰውን አያከሳም። በደንብ እየበላችሁ ከከሳችሁ "ቡናው ነው" ብላችሁ አትለፉት። በተለይ እነዚህ ካሉ፦

- በዕረፍት ላይም የማይበርድ ፈጣን የልብ ምት
- የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ሙቀት አለመቻል
- እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ ቶሎ መጸዳዳት
- አንገት ላይ እብጠት፣ ማለትም እንቅርት

የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ የዕረፍት ሜታቦሊዝሙ በጣም ይጨምራል። ቡና የበዛበት ሰውም ልቡ ስለሚመታና እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። ዝናብ አፈሩን ባጠበበት፣ አዮዲን ባነሰበት አካባቢ እንቅርት የተለመደ ነው፤ ለዓመታት ዝም ያለ እንቅርትም አንድ ቀን ከልክ በላይ መሥራት ሊጀምር ይችላል። የደም ምርመራ ይለየዋል፣ መድኃኒትም አለው። ካልታከመ ግን ልብን ይጎዳል። ስኳር በሽታና ቲቢም ያከሳሉና ምርመራውን አታዘግዩ።

ታዲያ ቡናችንን እንዴት እንጠጣ?

- ጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ እስከ 200 ብቻ።
- አቦሉ ከበረካው ይበረታል። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞም ካፌይን ስላለው አብራችሁ ቁጠሩት።
- ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣ፤ ቡና የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል።
- የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን የምትወስዱ በባዶ ሆድ በውኃ ውሰዱት፤ ቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ።
- እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይብቃችሁ።

ቡናን ለጣዕሙና ለጨዋታው ጠጡት፤ ለክብደት መቀነሻ ግን አትመኑበት። ከላይ ያሉት ምልክቶች ያሉበት ሰው በቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡለትና ነገ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።