ያለ ወቅቱ በበጋ ስለሚወርድ ዝናብና ስለ ጎጃም ደጋ አዝመራ

በሰሜን አገሮች ክረምት የሚባለው የብርድና የበረዶ ወራት፥ በጎጃም ደጋ ሰማዩ ጠርቶ አዝመራ የሚሰበሰብበት በጋ ነው። ስለዚህ የምድር መሞቅ በእነዚያ አገሮች የበረዶውን ነገር ሲለውጥ፥ በጎጃም የሚያሰጋው ነዶው በማሳ ሳለ የሚወርደው ዝናብ ነው።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቍጥር ሊሸከመው የሚችለው የውሃ ተን ከመቶ 7 እጅ ያህል ይጨምራል፤ የተሸከመውንም ባንድ ጊዜ ሲጥለው ዝናቡ ይበረታል። ነገር ግን በሁሉ ስፍራ አይበዛም። ወደ ሰሜን ዋልታ በቀረቡ አገሮች የክረምቱ ዝናብ እንደሚጨምር፥ በበረዶም ፈንታ ብዙው ውሃ ሆኖ እንደሚወርድ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ግን እንደሚቀንስ ይጠበቃል።

ለኢትዮጵያ ይልቁንም የሕንድ ውቅያኖስ ሊታይ ይገባል። የውቅያኖሱ ምዕራብ ከልማዱ ይልቅ ሲሞቅ፥ እርጥብ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ይመጣል። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር እንዲህ ሆኖ፥ ያለ ወቅቱ የወረደው ዝናብ በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ የደረሰ እህል አበላሸ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያም ባሕሩ እንደዚያው ሞቆ በምሥራቅ አፍሪቃ ብርቱ ዝናብና ጎርፍ ሆነ። ሙቀቱ እየጨመረ በሄደ መጠን እንዲህ ያለው ዓመት ሊደጋገም እንደሚችል ብዙ ስሌቶች ያመለክታሉ።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ የገበሬውም ሥራ ሁሉ በዚህ ልማድ የተሠራ ነው። ጤፍ ታጭዶ ቢረጥብ ይጠቍራል፥ ይበቅላልም፤ ስንዴም በዛላው ሳለ ቢበቅል ዱቄቱ ለዳቦ አይሆንም። በዋልካ መሬት በመስከረም የተዘራ ሽምብራ ደግሞ በቀረው እርጥበት የሚያድግ ነውና፥ ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። በድርቅ የጠፋ እህል ያሳዝናል፤ በአውድማ የበሰበሰው ግን ዘሩም፥ የበሬውም ጉልበት፥ የአረሙም ድካም ካለቀ በኋላ የጠፋ ነውና ይከፋል።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የአየር ጠባዩን ማስታወቂያ እየተቀበሉ በየቀበሌው ማስነገር ይገባቸዋል። የዝናብ ወሬ ሲሰማ ደቦ ተጠርቶ የደረሰው ይታጨድ፤ ያልደረሰው እስኪደርስ አይጠበቅ። በበዓል ቀን ማጨድን ገበሬው ይፈራል፤ ስለዚህ ነገር ከካህናት ጋራ አስቀድሞ መመካከር የሹሙ ፈንታ ነው። ክምሩም ከፍ ባለ ስፍራ፥ ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት ተረብርቦለት፥ ጫፉ በሣር ተከድኖ፥ ዙሪያው ቦይ ተቈፍሮለት ይቁም። የዝናብ መለኪያ ባለበት ሁሉ የጥቅምት፥ የኅዳርና የታኅሣሥ ዝናብ፥ ጥቂትም ቢሆን፥ በየዕለቱ ይጻፍ።