የምግብ ማቀዝቀዣን በሥርዓት በመጠቀም የገበያ ምልልስን መቀነስ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፣ ሰው ወደሚበዛበት ገበያ ደጋግሞ መሄድ ራስንና በቤት ያሉ አረጋውያንን ለበሽታው ያጋልጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የሳምንት አስቤዛን በአንድ ጊዜ መግዛት ይመከር የነበረውም በዚህ ምክንያት ነበር። ሆኖም የተገዛው ምግብ ከተበላሸ ገንዘብ ይባክናል፤ ገዢውም ወደ ገበያ ይመለሳል።

ደሴና ኮምቦልቻ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በኮምቦልቻ ሙቀት ምግብ ፈጥኖ እንደሚበላሽ ነዋሪው ያውቃል። በደሴ ግን ብርዱን በመተማመን ወጥን ከነድስቱ ማሳደር አደጋ አለው። ተሕዋስያን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይራባሉ፤ የደሴ ቤቶች የውስጥ ሙቀትም በአብዛኛው ከ5 ዲግሪ በላይ ነው።

የአቀማመጥ ሥርዓት

የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ4 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። አየር እንዲዘዋወርም ከልክ በላይ መሞላት አይገባውም።

• የላይኛውና የመካከለኛው መደርደሪያ፦ የበሰለ ወጥ፣ ወተትና እርጎ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣሉ። ወጥ በትናንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ በ2 ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜም በሚገባ ተሞቆ ይበላል።
• የታችኛው መደርደሪያ፦ ጥሬ ሥጋና ዶሮ ደማቸው ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ተከድነው ከሁሉም በታች ይቀመጣሉ። ዶሮና የተፈጨ ሥጋ ከ2 ቀን በላይ የሚቆዩ ከሆነ በፍሪዘር ይቀመጡ።
• መሳቢያ፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ሳይታጠቡ ይቀመጣሉ፤ እርጥበት ያበሰብሳቸዋል። ሊበሉ ሲሉ በንጹሕ ወራጅ ውኃ ይታጠባሉ። በሳሙና ወይም በበረኪና ማጠብ ጎጂ ነው።
• በር፦ ሙቀቱ ስለሚለዋወጥ ለአዋዜና ለመሰል ማጣፈጫዎች እንጂ ለወተት አይሆንም።
• እንጀራ፦ በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ ተሸፍኖ ይገባል። በትኩሱ ከተሸፈነ ላቡ ሻጋታን ያፋጥናል።

ድንችና ሽንኩርት ከማቀዝቀዣ ውጭ፣ ጨለማና ነፋሻ በሆነ ደረቅ ቦታ ተለያይተው ይቀመጡ። አዲስ የተገዛው ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ሆኖ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይበላ።

መብራት ሲጠፋ

በሩ ካልተከፈተ ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። መብራቱ ከዚያ በላይ ከቆየ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ምግብ መወገድ አለባቸው። ጠረን አለመለወጡ ምግቡ ለመበላቱ ዋስትና አይሆንም።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ

ሽሮ፣ ምስር፣ በሶና ቋንጣ በደረቅ ዕቃ ተከድነው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ወጥ ግን ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ያህል ብቻ መሥራት ይመረጣል።

ዋና መልእክት

ቅዝቃዜ የኮሮና ቫይረስን አይገድልም። ስለዚህ ከገበያ ሲመለሱ፣ የተገዛው ምግብ በየቦታው ከገባ በኋላና ከመመገብ በፊት እጅን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ያስፈልጋል።