ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው

አንድ ሕግ ዐዋቂ ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጌታችንን በጠየቀው ጊዜ፥ በወንበዴዎች እጅ ወድቆ የቈሰለውን መንገደኛና የራራለትን ሳምራዊ በምሳሌ አድርጎ መለሰለት (ሉቃ. 10፥25-37)። የምሳሌው ግልጥ ትምህርት ለተጐዳ ሁሉ መራራት ነው። የጥንት አባቶች መተርጕማን ግን ከዚህ ጋራ የሰውን ሁሉ ውድቀትና ድኅነት በምሥጢር አግኝተውበታል።

ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ ከ700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ የተሠራች ናት፤ ኢያሪኮ ግን ከባሕር ወለል በታች ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በዮርዳኖስ ሸለቆ ትገኛለች። መንገዱ ሁሉ ቍልቍለት ነው፤ ይኸውም አዳም ከገነት ወደዚህ ዓለም የመውረዱ ምሳሌ ነው። ወንበዴዎቹ አጋንንት ናቸው፤ ልብሱን መግፈፋቸው ጸጋውን ማሳጣታቸው፥ ማቍሰላቸው ኃጢአትን ማሠራታቸው ነው። ካህኑና ሌዋዊው የኦሪትና የነቢያት ምሳሌ ናቸው፤ ቍስሉን አይተው አሳዩ እንጂ ማዳን አልተቻላቸውም። ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፤ ለአዳም የተሰጠው ተስፋ በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር 5500 ዘመን ሲፈጸም፥ የቈሰለው ወደ እርሱ ሊሄድ ስላልቻለ እርሱ ራሱ ወደ ቈሰለው መጣ። አህያው ሕማማችንን የተሸከመበት፥ የተዋሐደው ሥጋ ነው። ዘይቱ የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ፥ ወይኑ ክቡር ደሙ ነው፤ አንድም ዘይቱ የሚያለዝብ ምሕረት፥ ወይኑ የሚያቃጥል ተግሣጽ ነው። ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፥ ጠባቂው ካህን፥ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልብ ልንል ይገባናል። አንደኛው፥ ሰውዬው የተገኘው በሕይወትና በሞት መካከል መሆኑ ነው። በኃጢአት የወደቀ ሰው ሐኪም የማያስፈልገው ጤነኛ አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪም የማይደርስለት ሬሳም አይደለም። የተፈጠረበት የእግዚአብሔር አርአያ ቢቈስልም አልጠፋም። ሁለተኛው፥ ሳምራዊው የፈውሱን ቀን ቈርጦ አለመስጠቱ ነው። ከሁለቱ ዲናር በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ተስፋ ሰጠ እንጂ፥ በዚህን ያህል ቀን ካልዳነ አስወጣው አላለም።

ይህን የምንጽፈው ለሌላው ብቻ አይደለም። በሕፃንነታቸው ሥጋውንና ደሙን ይቀበሉ የነበሩ ብዙዎች፥ በጕልማስነታቸው ሲወድቁ ከቅዱስ ቍርባን ይርቃሉ፤ ንስሐ ገብተው ዳግመኛ የወደቁትም ወደ ንስሐ አባታቸው መመለስን ያፍራሉ። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። እኛም ያንኑ ኃጢአት ለሁለተኛ ጊዜ ይዞ የመጣ አንድ ሰው በቍጣ ተናግረን ሰደድን፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። በዚያን ቀን ወይኑን ያለ ዘይት አፈሰስንበት፤ የማደሪያው ጠባቂ ተብለን ሳለን ቍስለኛውን አይተው እንዳለፉት ሆንን።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ ቀኖና የምንሰጠው ቍስሉን ለመጠቅለል እንጂ ቍስለኛውን ለመቅጣት ብቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ፤ ባለ አደራው ተመልሶ ሒሳቡን የሚጠይቀን እኛን ነውና። ምእመናን ሆይ፥ እናንተም ቍስሌ ሳይድን ወደ ማደሪያው አልገባም አትበሉ፤ ማደሪያው የተሠራው ለቈሰለው ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ብትወድቁ ተነሥታችሁ ኑ፤ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።